ኮፈኑ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት

የድሮ መኪና ገዝተው፣ ዕቃ ሊያስገቡ የኋላ ኮፈኑን ከፍ ሲያደርጉ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዎን ከመታው፣ ብዙ ሰው «የድሮ መኪና እኮ ነው፣ ይሸታል» ብሎ ያጽናናዎታል። ይህን ማጽናኛ አይቀበሉ። ከፋብሪካ ስትወጣ ኮፈኗ ያልሸተተ መኪና ዛሬ ከሸተተች አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው፤ የተለወጠውም ነገር ሊታይ፣ ሊነካና ሊታደስ የሚችል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ያረጀ ቁራጭ ጎማ ሆኖ ይገኛል። ጎማውን መቀየር ቀላል ነው። የሚያስቸግረው የትኛው እንደሆነ ማወቁ ስለሆነ፣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናጠፋው በፍለጋው ላይ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው ላዳን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ስላገለገለች የማያውቃት የለም። ለዚህ ትምህርት የምትመቸው ግን በአሠራሯ ምክንያት ነው። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳች መኪና ናት፤ በሶቪየት ኅብረት ቶልያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ መካኒኮች ሳልባትዮ የሚሉት፣ በኋላ በመጡ ብዙ መኪኖች እንደምናየው ከሆዷ ሥር አልተንጠለጠለም። እዚያው የኋላ ኮፈኑ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ቆሟል። 39 ሊትር ይይዛል። ሽታውና ዕቃዎ አንድ ክፍል ይጋራሉ ማለት ነው፤ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለው መከለያም አየር አያግድም።

ሳልባትዮው በቅርጽ ከተጨፈለቁ ሁለት የላሜራ ግማሾች የተሠራ ነው፤ ጠርዝ ለጠርዝ ተበይደው በብረት ማሰሪያ ከመኪናው አካል ጋር ተይዘዋል። አንገቱ፣ ማለትም ነዳጅ የሚቀዳበት አፍ፣ በቀኙ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ወዳለችው ትንሽ በር ይወጣል፤ ላሜራውን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያውን ጎማ አለው። ከላዩ በትናንሽ ዳዶዎች የታሰረ ክብ ክዳን አለ። በክዳኑ ሥር የነዳጁን ልክ ወደ ጌጁ የሚያስተላልፈው ተንሳፋፊ ተንጠልጥሏል፤ ቤንዚኑን ወደ ሞተር የሚወስደው መስመርም የሚነሳው ከዚሁ ክዳን ነው። ከላይ ሌላ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ወደ መቅጃው በር ጎድጓዳ ይሄዳል፤ ይህ መተንፈሻው ነው። ከታች ደግሞ ማፍሰሻ ብሎን አለው። እነዚህን ክፍሎች በሐሳብዎ ይያዙ፤ ፍለጋው ከእነሱ አያልፍም ማለት ይቻላል።

ወደ ፍለጋው ከመግባታችን በፊት የምንፈልገውን ነገር ጠባይ እንወቅ። ቤንዚን አንድ ዓይነት ፈሳሽ አይደለም፤ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ከእነሱ ቀላሎቹ ምንም እሳት ሳያገኛቸው ፈጥነው ይተናሉ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። በእኛ አገር ይህን ያህል የሚቀዘቅዝ ሌሊት ስለሌለ፣ የተጋለጠ ቤንዚን ባለበት ሁሉ ተቀጣጣይ ተን አለ ብለው ይነሱ። ተኑ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና እዚያ ይተኛል። ከአየር ጋር ሲደባለቅ ድርሻው ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ሲሆን በአንዲት ብልጭታ ይነዳል። አፍንጫችን ግን ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ይለየዋል። ስለዚህ ሽታ መኖሩ ብቻውን መኪናዋ አሁን ልትነድ ነው ማለት አይደለም። አፍንጫ ግን መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርም። ከዚያም ላይ፣ ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዜን የተባለ ንጥረ ነገር የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ ሽታውን ለምደው መኖር ምርጫ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ሳልባትዮ መተንፈስ ያለበት ዕቃ መሆኑ ነው። የሞተሩ ፓምፕ ቤንዚን በሳበ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አለዚያ ውስጡ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ተኑ ስለሚሰፋ የሚወጣበት ይፈልጋል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ ጠጥተው ጨርሰው የከደኑት የውሃ ፕላስቲክ አዋሽ ሲደርሱ ተጨማዶ ያገኙታል፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሳልባትዮው ሽቅብ ሲወጣ የሚደርስበት የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ከአዋሽ ቤንዚን ቀድተው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ በውስጡ ያለው አየርና ተን ይሰፋል፣ የውጭው ግፊት ስለቀነሰም ቤንዚኑ ከቆላው ይልቅ በቀላሉ ይተናል። ይህ ሁሉ መውጫ ይፈልጋል።

ኋላ የመጡ መኪኖች ይህን ትንፋሽ ከሰል በተሞላ ቆርቆሮ ያጣራሉ፤ ከሰሉ ተኑን ይዞ ያቆየውና ሞተሩ ሲነሳ ተስቦ ይቃጠላል። አሠራሩ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ለ1970 ሞዴሎች፣ በመላ አገሪቱ ደግሞ ለ1971 ሞዴሎች ግዴታ ሆነ። የቀድሞዎቹ ላዳዎች ይህ የላቸውም፤ ትንፋሻቸው በቀጥታ ወደ ውጭ ይወጣል። እንግዲህ መኪናዋ በመቅጃው በር አካባቢ በፀሐይ ቀን ጥቂት ብትሸት አሠራሯ ነው። ኮፈኑ ውስጥ ከሸተተች ግን ትንፋሹ ወይም ነዳጁ ከመንገዱ ወጥቷል።

ከመንገዱ የሚወጣባቸው መልኮች ሦስት ናቸው፤ የየራሳቸው የፍለጋ መንገድ ስላላቸው ለይተን እንያቸው። የመጀመሪያው ፈሳሹ ራሱ ሲያፈስ ነው፤ ይህ እርጥበት ወይም እድፍ ይተዋል። ሁለተኛው ተኑ ብቻ ሲያመልጥ ነው፤ ከፈሳሹ ልክ በላይ ያለ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም የላላ ክዳን ሽታ ይሰጣል እንጂ አንዲት ጠብታ አያሳይም። ሦስተኛው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ነው፤ ጎማው ሳይሰነጠቅ፣ ማሰሪያው ሳይላላ፣ ቤንዚኑ በጎማው አካል ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። የጎማ ሞለኪውሎች እንደ ብረት ተጠጋግተው አልተዘጉም፤ ከሃይድሮካርቦን ጋርም ዝምድና ስላላቸው ቤንዚን ከውስጥ ይገባና ከውጭ ይተናል። ላዩን በእጅዎ ሲዳስሱት ደረቅ ነው፤ ሽታው ግን አለ።

አሁን ቁልፍና ካቻቢቴ ከመያዝዎ በፊት መጠየቅ ይቀድማል። በእኔ እምነት ግማሹ ሥራ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ሽታው መቼ ይበረታል? ነዳጅ በሞሉ ዕለት በርትቶ፣ ጥቂት ቀን ነድተው ጌጁ ዝቅ ሲል የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ከላይ ነው፤ አንገቱ፣ የተንሳፋፊው ክዳን ወይም መተንፈሻው። ጌጁ ስንት ላይ ሲደርስ እንደጠፋ ልብ ካሉ ደግሞ የቀዳዳውን ከፍታ ራሱን ያውቃሉ፤ ፈሳሹ ከቀዳዳው በታች ሲወርድ ማፍሰሱ ይቆማልና። ጌጁ ወደ ባዶ እየተጠጋም ሽታው የማይቀንስ ከሆነ ግን ወደ ታች ይመልከቱ፤ የታችኛው ብየዳ ወይም ማፍሰሻው ብሎን ይጠረጠራል።

አደባባይ ሲዞሩ የሚመጣ ሽታም ብዙ ይናገራል። በአገራችን አደባባይ የምንዞረው ወደ ግራ ነው። መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ቤንዚኑ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ የላዳ ሳልባትዮ በቀኝ፣ አንገቱም ወደ ቀኝ ስለሆነ ፈሳሹ የሚሄደው በቀጥታ ወደ አንገቱ ነው። ስለዚህ ሳልባትዮው ሙሉ ሆኖ አደባባይ ላይ የሚበረታ ሽታ አንገቱን ወይም የመቅጃውን ክዳን ጎማ ያመለክታል። ቆማ ፀሐይ ላይ በዋለች ዕለት ብቻ የሚሸት ከሆነ የተን ማምለጥ ነው፤ መተንፈሻውን ይከተሉ። ሌሊቱን አድራ ጠዋት ኮፈኑ ሲከፈት የሚሸት፣ ስትነዳ ግን የማይሰማ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ። የላዳ ፓምፕ ያለው ፊት ሞተሩ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ከሳልባትዮ የሚነሳው መስመር ቤንዚን ይሳብበታል እንጂ አይገፋበትም። የተሰነጠቀ ጎማ በዚያን ጊዜ ወደ ውስጥ አየር ይስባል እንጂ ወደ ውጭ አያፈስም። ሞተሩ ሲጠፋ ግን መሳቡ ያቆምና በመስመሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን በስንጥቁ በኩል ሲተን ያድራል። ከሽታው ጋር ሞተሩ አንዳንዴ የሚያንገራግር ከሆነ ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ሽታው የሚሰማው መኪናዋ ስትሄድ ብቻ ከሆነ ምናልባት ከሳልባትዮው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የሚሮጥ መኪና ከኋላው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይፈጥራል፤ የኮፈኑ ዙሪያ ጎማ ካረጀ የጭስ ማውጫው ጭስ በዚያ በኩል ተመልሶ ይገባል። ካርቦራቶሩ ቤንዚን ካበዛ ጭሱ ያልተቃጠለ ነዳጅ ይሸታል፤ ዓይን የሚያቃጥል መሆኑ ከጥሬ ቤንዚን ይለየዋል። ከጭሱ ጋር ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ስለሚገባ ይህን ዓይነቱን ሳይውሉ ሳያድሩ ያሠሩ።

ኮፈኑን ለመክፈት ዝግጁ ከሆኑ ቦታውን ይምረጡ። ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት። ተን ወደ ዝቅታ ይወርዳል ብለናልና ከጋራዥ ጉድጓድ በላይ ይህን ሥራ ፈጽሞ አይሥሩ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ከፊት ይንቀሉ፤ የኋላ መብራቶችና የጌጁ ሽቦዎች እዚያው ኮፈኑ ውስጥ ስለሚያልፉ ብልጭታ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ በገመድ የሚሳብ አምፖል በአካባቢው አይኑር። ኮፈኑን ከፍተው ወዲያው አይጎንበሱ፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይናፈስ።

ከዚያ ዕቃውን፣ ምንጣፉንና የሳልባትዮውን መሸፈኛ ያውጡ። ቤንዚን በጀሪካን ተጭኖበት ያውቅ እንደሆነ የቀድሞውን ባለቤት ይጠይቁ፤ ምንጣፍ ላይ አንዴ የፈሰሰ ቤንዚን ለሳምንታት ይሸታል፣ የሌለ ብልሽትም እንዲፈልጉ ያደርጋል። ምንጣፉን ከመኪናዋ አርቀው ለየብቻው ያሽትቱት። የተሸከመው ሽታ ከኮፈኑ ከበለጠ በግልጽ ነግሮዎታል።

አሁን በዓይን። ቤንዚን ሲተን ቀላሉ ክፍል ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። የቀረው ቡናማ፣ እንደ ቫርኒሽ የሚጣበቅ እድፍ ይሆንና አቧራ ይይዛል። በላሜራው ላይ ቀለሙ የለሰለሰ ወይም የተላጠ ቦታም ምልክት ነው። እድፉን ከታች ካገኙት እዚያው አይቁሙ፤ ፈሳሽ የሚታየው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፣ ምንጩ ከእሱ በላይ ነው። ፈለጉን ወደ ላይ ይከተሉ። የብየዳውን ጠርዝ፣ የክዳኑን ዳዶዎችና የማፍሰሻውን ብሎን በነጭ ወረቀት ይጥረጉ። የደረቀ ጠመኔ በመገጣጠሚያው ላይ ቢያሰምሩ ደግሞ ቤንዚን በነካው ቦታ ቀለሙ ይጠቁራል። ጎማዎቹን ሁሉ በጣትዎ አጥፈው ይዩ፤ ሲታጠፍ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ የሚያሳይ፣ ወይም እንደ እንጨት የደረቀ ጎማ ዘመኑን ጨርሷል። የመተንፈሻው ቱቦ ሁለቱም ጫፎች መሰካታቸውን ያረጋግጡ። ሳልባትዮው ለጥገና ወርዶ በተመለሰበት መኪና ይህ ቱቦ ተዘንግቶ ኮፈኑ ውስጥ ክፍት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ዓይን ምንም ካላገኘ ተን ወይም ሰርጎ ማለፍ ነው፤ እዚህ ላይ አፍንጫ ይሠራል፣ ግን በዘዴ። አፍንጫ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሽታን ስለሚለምድ ኮፈኑ ውስጥ ጎንብሶ መፈለግ አያዋጣም። ይልቁንም እያንዳንዱን የተጠረጠረ ቦታ፣ የክዳኑን ዙሪያ፣ የመስመሩን ጎማ፣ የመተንፈሻውን ቱቦና የአንገቱን ጎማ፣ ለየብቻው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ በላዩ ምግብ የምንሸፍንበትን የአልሙኒየም ወረቀት አጥብቀው ያልብሱት። የመተንፈሻው መውጫ ግን እንዳይደፈን። አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ጨርቆቹን አንድ በአንድ ከመኪናዋ ራቅ አድርገው ያሽትቱ፤ በየመካከሉም ንጹሕ አየር ይሳቡ። ሥራው ላይ ያልነበረ ሌላ ሰው ቢያሸት ደግሞ የተሻለ ነው። አንዱ ጨርቅ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሸታል። ውድ መሣሪያ ሳይገዙ ከሚደረጉ ምርመራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ደረቅ መስሎ የሚያሰርገውን ጎማ ሳይቀር ያጋልጣልና።

ጎማ ሲተኩ ለቤንዚን የተሠራውን ይግዙ። የውሃ ጎማና ግልጹ ፕላስቲክ ቱቦ ዋጋቸው ቢያጓጓም ቤንዚን ቶሎ ያደርቃቸዋል ወይም ያሳብጣቸዋል። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀል ነበር፤ ኢታኖል በድሮው ቀመር የተሠሩ ጎማዎችን ያለሰልሳል፣ ማሰረጋቸውንም ያባብሳል። ከፋብሪካው ጀምሮ ያልተቀየረ ጎማ ያላት ላዳ ይህን ዘመን ሁሉ አልፋለችና ምንም ባይታይበትም ይቀየር። ጎማው ላይ «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» የሚል ጽሑፍ ካገኙ ውስጡ ቤንዚንና ኢታኖልን በሚችል የፍሎሮካርቦን ጎማ የተለበጠ ነው፤ ሰርጎ ማለፍን ከሌሎቹ በእጅጉ ይቀንሳል። የተንሳፋፊውን ክዳን ጎማ ቀይረው ሲመልሱ ዳዶዎቹን በዙሪያ ቅደም ተከተል አይሰሩ፤ አንዱን ሲያጠብቁ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ያጥብቁ፣ ጎማው በእኩል እንዲጨፈለቅ። ሲሊኮን አይቀቡ፤ ተራው ሲሊኮን በቤንዚን ያብጥና ይለቃል።

ምንጩ ሳልባትዮው ራሱ ከሆነ፣ ማለትም የታችኛው ጠርዝ ወይም ማሰሪያው ሥር ያለው ላሜራ በዝገት ከተበሳ፣ መንገድ ላይ ደረቅ ሳሙና መለጠፍ ቤት ያደርሳል። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟምና። ውሃ ሲያገኘው ግን ይሄዳል፤ ጥገና አይደለም። ሳልባትዮውን አውርደው ወደ በያጅ ከመውሰድዎ በፊት ደግሞ ከላይ ያየነውን ቁጥር ያስታውሱ፤ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ። ሙሉ ሳልባትዮ ውስጥ ተኑ ከዚህ በላይ ስለሚሆን ለመንደድ አየር ያንሰዋል። ባዶ ሲሆን ግን ተንና አየር ለፍንዳታ የሚስማማው ልክ ላይ ይገናኛሉ፤ ባዶው ከሙሉው የሚያስፈራው ለዚህ ነው። በሳሙናና በውሃ መታጠቡም አያስተማምንም፤ በብየዳው ጠርዝ እጥፋት የተደበቀ ጥቂት ቤንዚን እሳቱ ሲያሞቀው እንደገና ይተናል። ይህን ሥራ የሚያውቅ፣ ተኑን በእንፋሎት ወይም እሳት በማይዝ ጋዝ ካስወጣ በኋላ ብቻ የሚበይድ ባለሙያ ካላገኙ፣ ደህና ሳልባትዮ ፈልገው ይተኩ።

ጥገናው ሲያልቅ ሳልባትዮውን እስከ አፉ ሞልተው ይፈትኑ፤ በግማሽ ነዳጅ የተፈተነ የላይኛው ክዳን አልተፈተነም። አደባባይ ይዙሩ፣ ዳገት ይውጡ፣ ፀሐይ ላይ ያቁሟት፤ ከዚያ ነጩን ወረቀትና የጨርቁን ዘዴ አንድ ጊዜ ይድገሙ። ምንጣፉ ታጥቦና ደርቆ ቢመለስም ለጥቂት ቀናት ቀሪ ሽታ ሊኖር ይችላል፤ በየቀኑ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ሁለተኛ ምንጭ አለ፤ በአንድ ዘመን የተገጠሙ ጎማዎች በአንድ ዘመን ያረጃሉ። ምንጩ ተገኝቶ እስኪዘጋ ድረስ ልጆችን ከኋላ መቀመጫ አያስቀምጡ፤ መኪናዋንም ከመኖሪያ ቤት ጋር በተያያዘ ወይም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አያሳድሯት።